የፔዳል ጀልባ ለሞጣ ልጆች? መጀመሪያ ውሃውን አሳዩኝ

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከሞጣ ደወለልኝ። ኔትወርክ ሲገኝ ነው የሚደውለው፤ ስለዚህ እንደ ወትሮው ዘመድ አዝማዱን አንድ በአንድ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ ገባ። «አያ፣ አንድ ቪዲዮ ልኬልሃለሁ። እንደዚያ ያለ ጀልባ ልንገዛ ነው። አንተ ጋዜጠኛ ስለሆንክ የቱ እንደሚሻል አጣርተህ ንገረን» አለኝ።

ቪዲዮውን አየሁት። አንድ ፈረንጅ ቢጫ የፕላስቲክ ጀልባ ላይ፣ የሳሎን ወንበር በሚመስል መቀመጫ ተደላድሎ ተቀምጧል። መቅዘፊያ አልያዘም። እንደ ብስክሌት ነጂ በእግሩ ፔዳል ይመታል፤ ጀልባዋ ያለ ድምፅ ትንሸራተታለች። እጆቹ ነፃ ስለሆኑ መንጠቆውን ይወረውራል፣ ይስባል። የክንድ ያህል ዓሣ አወጣ። ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ዓሣውን መልሶ ውሃ ውስጥ ለቀቀው።

የአክስቴ ልጅ ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ አላላትም። ጉዳዩ ሁሉ ያለው ግን እሷ ላይ ነው። ያ ሰውዬ ዓሣውን የሚለቀው እራቱ ቤቱ ስላለ ነው። የጀልባዋ ስፋት፣ መቀመጫዋ፣ ዕቃ መጫኛዋ፣ ዋጋዋም ጭምር ቅዳሜን ውሃ ላይ ማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። የእኛዎቹ አምስት ልጆች የሚወጡት እንጀራ ፍለጋ ነው።

ነገሩን እንደ ቀልድ እንዳላልፈው ያደረገኝ ሌላም ምክንያት አለ። ከአምስቱ ሁለቱ ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ናቸው። አንዱ ሁለት ጊዜ በመተማ በኩል ሊወጣ ተነሥቶ እናቱ አልቅሰው መልሰውታል። ገንዘቡን እልካለሁ ያለው አሜሪካ ያለ ዘመዳችን ነው፤ እሱም በሌሊት ሥራ ያጠራቀመውን ነው የሚልከው። ይህ ብር አንዴ ከከሸፈ ሁለተኛ አይመጣም። ስለዚህ ጥያቄውን በቁም ነገር ይዤ ሳገላብጥ ከረምኩ። የደረስኩበትን ለእሱ ብቻ ከምነግረው እናንተም ብታነቡት ይሻላል ብዬ ጻፍኩት፤ ምክንያቱም ዛሬ ጀልባ የሚገዛው የአክስቴ ልጅ ብቻ አይደለም። ወጣት የሚያደራጅ ጽሕፈት ቤትም፣ ርዳታ ሰጪ ድርጅትም፣ ዲያስፖራውም እየገዛ ነው።

ስለ ፔዳል ጀልባዋ እውነቱን እንናገር

ካያክ የሚባለው ጠባብና ረጅም ጀልባ መጀመሪያ የመዝናኛ ዕቃ አልነበረም። በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚኖሩ ሕዝቦች በእንጨትና በአጥንት አጽም ላይ የእንስሳ ቆዳ ወጥረው ለአደን የሠሩት የእንጀራ ጀልባ ነው። ፔዳሉ የመጣው በቅርቡ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሆቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እግር ሲገፋው ከጀልባዋ ሆድ በታች ሁለት ክንፎችን ግራና ቀኝ የሚያወዛውዝ መሣሪያ ይዞ ወጣ። ሌሎች ኩባንያዎች ደግሞ እንደ ብስክሌት የሚዞር፣ ከሥሩ ትንሽ ተሽከርካሪ ያለው ዓይነት ይሠራሉ። ዛሬ ገበያው ላይ ያሉት በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ናቸው።

ትንሿ የፔዳል ካያክ ርዝመቷ ከ3 ሜትር እስከ 3 ሜትር ተኩል፣ ስፋቷ ከ80 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥቅሟን አልክድም። እግር ከክንድ ይልቅ ጉልበት ስላለው ሰው ቶሎ አይደክምም። እጅ ነፃ ይሆናል። ነዳጅ አትጠጣም፤ ነዳጅ በወረፋና በጥቁር ገበያ በሚገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድምፅ ስለሌላት ዓሣ አታስበረግግም።

ችግሯ የሚጀምረው ከሱቅ ስትወጣ ነው። የሚዞረው ዓይነት ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ይፈልጋል፤ ዳር ላይ ሣር ወይም እምቦጭ ካለ ተሽከርካሪው ላይ ይጠመጠምና ሰውዬው መሀል ውሃ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲፈታ ይውላል። የክንፉ ዓይነት ሣርን በመጠኑ ይችላል፤ ዋጋው ግን ይበልጥ ውድ ነው። አንዲት ትንሽ ፒን ብትሰበር መለዋወጫዋ ሞጣ ገበያም ባሕር ዳርም የለም። ክብደቷ ከነመሣሪያው ከ35 እስከ 50 ኪሎ ይደርሳል። ያ ፈረንጅ መኪናው ላይ ጭኖ ውሃው ጫፍ ድረስ ያመጣታል፤ የእኛ ልጆች በትከሻ ነው። ዋጋዋን ካነሣን፣ እዚያው አገሯ ላይ እንኳ ደህናዋ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ናት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ምንዛሬ ይህ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመርበት ከመቶ ሺህ ብር ያልፋል። የምትጭነው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ለአምስት ሰው አንዲት ጀልባ ለአምስት ሰው አንድ ጥንድ ጫማ እንደመግዛት ነው።

ውሃው የት ነው?

ለአክስቴ ልጅ ያቀረብኩለት የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ስለ ዋጋ አልነበረም። «ጀልባዋን የት ውሃ ላይ ነው የምታስቀምጧት?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «አባይ አለ አይደል!» አለ።

እኔ ብቸና ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሙጋንና ሱሃን አውቃቸዋለሁ። ክረምት ሲመጣ ጭቃ መስለው፣ ግንድ ተሸክመው ወደ አባይ ይወርዳሉ። በበጋ ደግሞ እዚህም እዚያም ገንዳ እየሠሩ ይቀራሉ። ልጆች ሳለን በዕድሜ የሚበልጡን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ገንዳው ውስጥ ይበትኑ ነበር፤ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ሰማይ አድርጎ ሲንሳፈፍ እኛ እየዘለልን እንለቅማለን። ትልቁም ጫጩቱም፣ የሚበላውም የማይበላውም አብሮ ያልቅ ነበር። ጥፋት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝ ማስገርን ይከለክላል። ያም ሆኖ እነዚያ ገንዳዎች ለጀልባ የሚሆኑ አይደሉም፤ ከዳር ቆሞ መንጠቆ መጣል ይበቃል።

የአባይ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጎጃም በሦስት በኩል በአባይ የተከበበ ነው፤ ብቸናና ሞጣ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠው ወንዙን ገደል ሥር ቁልቁል ነው የሚያዩት። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለእኛ ቀልድ አይደለም። ከሞጣ ወደ ጎንደር መሻገሪያ የነበረው የአፄ ፋሲል ዘመን ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» ከተባለ ወዲህ፣ ሰው ለአሥርት ዓመታት የተሻገረው በገመድ ወገቡን ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ሰዎች እየጎተቱት ነው፤ ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራለት ቆይቶ ነው። ሰው ነፍሱን በገመድ ማንጠልጠልን የመረጠበት ውሃ ትንሽ የፕላስቲክ ጀልባ የሚቀመጥበት አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት አባላት በጎማ ጀልባና በብዙ ዝግጅት አባይን ሲወርዱ እንኳ አንድ ሰው ውሃ ወስዶባቸዋል። አዞም አለ። ስለዚህ አባይን ከዝርዝሩ አወጣነው።

«ኩሬስ?» አለኝ።

ኩሬ ሲነሣ እኔ አንድ ትዝታ አለኝ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ዓመታት በክልላችን የውሃ ማሰባሰቢያ ኩሬ በዘመቻ ተቆፈረ። በየቤቱ ጓሮ ጉድጓድ ወጣ፣ ፕላስቲክ ተነጠፈ፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ሪፖርት ሆነ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ብዙዎቹ ግን አፈሩ፣ ቦታው፣ የባለቤቱ ፍላጎት ሳይታይ የተቆፈሩ ስለነበሩ ውሃቸው ሰረገ፤ ፕላስቲኩ ተቀዶ ለጤፍ መሸፈኛ ዋለ። የጎረቤታችን ኩሬ ውስጥ ጥጃ ገብታ ሞተች፤ ሰውዬው በሳምንቱ ኩሬውን በአፈር ሞላው። ከዚያ ዘመቻ የቀረልኝ ትምህርት አንድ ነው፤ ዕቃውን አስቀድሞ ለዕቃው ቦታ የሚፈልግ ሰው ይከስራል።

ዛሬም አካባቢው ላይ ለመስኖ የተሠሩ ትናንሽ ግድቦችና ኩሬዎች አሉ። ዓሣ ሊረባባቸው ይችላል። ነገር ግን ሃምሳ በሃምሳ ሜትር የሆነ ውሃ ላይ ጀልባ ለምን ያስፈልጋል? ሁለት ሰው ከዳርና ከዳር ሆኖ መረብ ቢጎትት ይበቃዋል። ደግሞም ቆሮሶ ሙቅ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። እንደ ብቸናና ሞጣ ባለ ደጋ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ዕድገቱ ይዘገያል። መጀመሪያ ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ሄዶ «በእኛ ከፍታ የትኛው ዓሣ ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ከጀልባ ይቀድማል። ጥያቄው ደግሞ በነፃ ነው።

የቀሩት ትልልቆቹ ውሃዎች ናቸው። መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ ግድብ ውሃ አለ። ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጣና አለ። ወደ ታች ደግሞ ጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኋላ የተኛው ንጋት ሐይቅ አለ፤ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን አዲስ ውሃ። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ኖረን፣ አባይ ማደሪያ አገኘ። የሙጋና የሱሃ ጎርፍም፣ ከጮቄ ተዳፋት የሚታጠበው አፈራችንም መድረሻው እዚያ ነው።

የራሳችን ካያክ

ጣናን ካነሣን ታንኳን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ሰው ታንኳ ሲባል የቱሪስት ፖስት ካርድ ይመጣበታል። እኔ ግን ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው የመጣልኝ ታንኳ ነበር። አንድ ሰው የሚይዝ፣ ጠባብ፣ ቀላል፣ በሰው ጉልበት የሚሄድ፣ ነዳጅ የማይጠጣ፤ ቀዛፊው መሀል ተቀምጦ አንዲት ቀርቀሃ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ የሚገፋው። ካያክ ማለት ይህ አይደለምን?

አሠራሩን ያየ ሰው ይደነቃል። ደንገል ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቆለመማል። የደንገል ግንድ ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ ነው። ስለዚህ ታንኳ እንደ ሌላ ጀልባ ውሃ ሞልቶት አይሰጥምም፤ ውሃው በመሀሉ ይገባል፣ በመሀሉ ይወጣል። በ1969 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሲያሠራ፣ ደንገሉ የታጨደው ከጣና ነው። የመጀመሪያዋ አትላንቲክ ላይ ተበተነች፤ በዓመቱ ሁለተኛዋ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ዓለም ያደነቀውን ነገር እኛ «የድሃ ጀልባ» ብለን ንቀነዋል።

ከጀልባውም በላይ የናቅነው ሠሪውን ነው። ታንኳን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት በጣና ዳር ስንት ዘመን ሲገፉ፣ ሲናቁ፣ ከተማው በሰፋ ቁጥር ከሐይቁ ዳር ሲርቁ ኖረዋል። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ታንኳ የሚሠሩ አዛውንት አገኘሁና «አባባ፣ አንዱን ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ደንገሉ ካለ አንድ ቀን። ፍለጋው ነው እንጂ የሚገድለን» አሉኝ። የደንገሉ ቦታ እየታረሰ፣ እየተጋጠ፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ እየወረሰው ነው።

ታንኳን ቅዱስ አላደርገውም። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ በየጊዜው ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ ቀዛፊን ያርቃል፣ ያስጨንቃል። ሆኖም አንድ ሰው ከዳር ሳይርቅ በጥቂት መረብ ለማስገር ይበቃዋል። ለካስ ያ «ድክመቱ» ዓሣውንም ሲጠብቅለት ኖሯል።

ሞተሩ ያስተማረን

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ሐሳብ ነበረው፤ «ፔዳሉ ካልሆነ የሞተር ጀልባ በማኅበር እንውሰድ» የሚል። እዚህ ላይ ከጣና ታሪክ አንድ ገጽ ላንብብላችሁ።

በ1986 እ.ኤ.አ. ከሆላንድ በመጣ ርዳታ ጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ድሃው አስጋሪ ብዙ ዓሣ አምጥቶ ገበያ እንዲያወጣ። አመጣም። ታንኳ ከዳር የማይርቅበትን ሐይቅ ሞተሩ ከዳር እስከ ዳር ከፈተው። ችግሩ የነጭ ዓሣ ጠባይ ነው። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተመራማሪዎች 15 ዝርያ ቆጥረውለታል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች አፍ ተሰብስበው ይሄዳሉ። አስጋሪው ደግሞ መቼና የት እንደሚሰበሰቡ ያውቃል፤ በሞተር ደርሶ ረጅም መረብ ዘረጋባቸው። ልትወልድ የምትሄደዋን እናት በር ላይ መጠበቅ ማለት ነው። በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል በአሥር ዓመት ውስጥ የነጭ ዓሣው መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

ጥፋቱን በሞተሩ ላይ ብቻ አልጥልም። ሞተር ለባሕር ዳር ገበያ ዓሣ አቅርቧል፤ ለብዙ ቤተሰብ ሥራ ሆኗል፤ ነፋስ ሲነሣ ቶሎ ዳር ያደርሳል። ጥፋቱ ዕቃው ከደንቡ ቀድሞ መግባቱ ነው። ጀልባ ተሰጠ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣ። የመራቢያ ወር ማን ይጠብቀው? የመረቡን ዓይን ስፋት ማን ይለካው? አልተጠየቀም ወይም ዘግይቶ ተጠየቀ። «ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው አባባል ስለ አጥንቱ ብቻ አይመስለኝም።

ዛሬ ንጋት ሐይቅ ላይ ያው ጥያቄ እንደ አዲስ ቆሟል። አዲስ ውሃ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣው ይትረፈረፋል። ማን ምን ዓይነት ጀልባ ይዞ ይግባ የሚለውን አሁን ካልወሰንን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የጣናን ታሪክ በሌላ ስም እንጽፈዋለን።

«ድህነትን አስውበህ አታቅርብልን» ለሚሉኝ

ይህን ጽሑፍ ሳላወጣ ያሳየሁት አንድ ወዳጄ «ፈረንጁ በፔዳል ሲሄድ ወገንህን በሣር ላይ አስቀምጠህ ትቀር?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ የአክስቴ ልጅ ታንኳ ላይ ይቅር አላልኩም። ያልኩት፣ መሣሪያው የሚመረጠው ከውሃው፣ ከዓሣውና ከገበያው በኋላ ነው። ትንሽና በሰው ጉልበት የምትሄድ ጀልባ ለእኛ ውሃ ትክክለኛዋ ናት ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ከቪዲዮው ጋር እስማማለሁ። የማልስማማው ውዱ ነገር ፔዳሉ፣ ርካሹ ነገር ሕይወትና መረብ በሆነበት በጀት ነው።

ፔዳል ጀልባ ራሷ ቦታ የላትም አልልም። ባሕር ዳር ላይ ለጎብኚ የምታከራይ ሰው ሊያተርፍባት ይችላል። ከዚያም በላይ፣ ፔዳል ማለት የብስክሌት ጥርስና ሰንሰለት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ የብስክሌት ጠጋኝ፣ በያጅና የምሕንድስና ተማሪ የሞላባት ከተማ ናት። እዚያው በእንጨት ጀልባ ላይ የሚገጠም፣ ሲሰበር እዚያው የሚጠገን ፔዳል መሥራት የሚያቅት አይመስለኝም። ያ ሲመጣ እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ።

እስከዚያው ግን ትንሽ ጀልባ ለመግዛት የተነሣ ሰው እንዲህ ቢያደርግ እላለሁ።

አንደኛ፣ ብር ከማውጣቱ በፊት አንድ ወር ሰው ጀልባ ላይ ይሥራ። ቆጋም ሆነ ጣና ሄዶ መረብ ይጣል፣ ሌሊት ይነሣ፣ ይብረደው። ከአምስቱ ሁለቱ በሳምንቱ ይመለሳሉ። መመለሳቸው ኪሳራ አይደለም፤ ትርፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ዓሣው የት እንደሚሸጥ ይወቅ። ዓሣ ያለ በረዶ የሚቆየው በሰዓት ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚበሰብሰው ያንተ ገንዘብ ነው፤ የእኛ አካባቢ መንገድ ደግሞ ሰሞኑን ስንት ጊዜ እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። ከጀልባ በፊት በረዶ የሚይዝ ሳጥን።

ሦስተኛ፣ ጀልባዋን ሲመርጥ ውበቷን ትቶ አራት ነገር ይይ። ሁለት ሰው ተሸክሟት ሁለት መቶ ሜትር መሄድ ይችላል ወይ? ስትቀደድ በቅርብ ያለ ሰው ይጠግናታል ወይ? ከሰው ሌላ እርጥብ መረብና የቀኑን ዓሣ ትችላለች ወይ? አራተኛው ፈተና ውሃው ወገብ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው፤ ጀልባዋ ላይ ቁሙና ከአንድ ጎን እርጥብ መረብ ሳቡ። መንጠቆ በዘንግ የሚጥል ሰው ተቀምጦ መሥራት ይችላል፤ መረብ የሚስብ ግን ክብደቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ያኔ የምትገለበጥ ከሆነ፣ የትም አገር የተሠራች ብትሆን ተዋት። ጠፍጣፋ፣ ሰፋ ያለች፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ ቀላል የእንጨት ወይም የፋይበር ጀልባ በአንዲት ፔዳል ካያክ ዋጋ ሁለት ሦስት ሰው ልታሠራ ትችላለች።

አራተኛ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት። ከደጋ ወርደን ውሃ ላይ የምንሠራ ሰዎች አብዛኞቻችን ዋና አንችልም። ከሙጋ ገንዳ ውጭ ውሃ አላየንማ! ጃኬት የሌለው ሰው ጀልባ ላይ አይውጣ። ለአምስት ሰው አምስት ጃኬት። ድርድር የለውም።

ለሚመለከታቸውም አንድ ሁለት ቃል አለኝ። ጀልባ የምታከፋፍሉ ቢሮዎችና ድርጅቶች፣ ከጀልባው ጋር ጃኬትና በረዶ ሳጥን ካልሰጣችሁ ሙሉ ዕቃ አልሰጣችሁም። በመራቢያ ወራት የወንዞቹን አፍ የሚጠብቅ ሰው ካልመደባችሁ፣ የምትሰጡት ጀልባ ነገ የሚያስገረው ባዶ ውሃ ነው። የጣና ዳር ደንገል እንደ ደን ይከለል፤ እንደ ደንም ይተከል። የታንኳ ሙያ የያዙ የወይጦ ወገኖቻችንም ስለ ሐይቁ በሚመከርበት ስብሰባ ወንበር ይኑራቸው። ከሁላችንም በፊት ውሃው ላይ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው ቅር ብሎት ነበር። «እሺ አያ» ብሎ ዘጋው። ጎጃሜ «እሺ» ሲል መስማማቱ ይሁን መታዘቡ እንደማይታወቅ እናንተም ታውቃላችሁ። ባለፈው እሑድ ግን መልሶ ደወለ። ሁለት ሆነው ቆጋ ወርደዋል፤ አንድ አስጋሪ በቀን አበል እያሠራቸው ነው። «መረቡ እጄን ላጠው» አለኝ። «ግን አያ፣ ዓሣው ጎህ ሲቀድ ነው የሚነቃው፤ ይህን አላውቅም ነበር።»

ስለ ጀልባዋ አላነሣም። እኔም አላነሣሁበትም። ገንዘቡ እስካሁን አሜሪካ ነው ያለው፤ ልጁ ግን ውሃው ዘንድ ደርሷል። ጀልባዋ ብትዘገይ አይከፋኝም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ጣና፣ ቆጋና ንጋት ላይ የምትሠሩ ተከታታዮች፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ቸር እንሰንብት።